ሳትጠይቂ አትፈትጊ

እህቶቼ፣ እኔ ንግግር አልችልም፤ የተማርኩትም እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

አል ዐይን የተቀጠርኩባት ማዳም የድሮ የጃፓን የእጅ መስታወት ትሰበስባለች። የብርጭቆ እንዳይመስላችሁ። ክብ ነሐስ ነው፣ እጀታ አለው። ዘጸአት 38፡8 ላይ በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ ያገለግሉ የነበሩት ሴቶች የሰጡት መስታወትም የናስ ነበር።

በቁም ሣጥኑ ውስጥ 11 ነበሩ። የአንዱ ጀርባ ጠቁሯል። እናቴ የመዳብ ዕቃ በሎሚ ስትፈትግ አይቼ ስላደግኩ፣ እንግዳ ሊመጣ ሲል በሎሚና በጨው ፈተግኩት። አብረቀረቀ፤ ደስ አለኝ። ቦታው ስመልሰው ግን ከሌሎቹ ተለይቶ ታየኝና ደነገጥኩ። ከኋላ ልደብቀው አሰብኩ። የወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ ትዝ አለኝ። እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ። ጠዋት መስታወቱን ይዤ ገባሁና “ማዳም፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት” አልኳት።

ብዙ ዝም አለች። የዚያ ወር ደመወዜ ግማሹ ተቆረጠ። አላባረረችኝም። በኋላ ግን አጠገቧ አስቀምጣ አስረዳችኝ።

መስታወቱ መዳብና ቆርቆሮ አንድ ላይ ቀልጦ የተሠራ ነው። ፊት የሚታይበት ወገን ተወልውሎ በቆርቆሮና በሜርኩሪ ይቀባል። በጀርባው ጥድ፣ ቀርከሃ፣ ኤሊና እግረ ረጅም ወፍ ይቀረጻል፤ የረጅም ዕድሜና የመልካም ዕድል ምልክት ነው። እጀታ ያለው በብዛት የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868 በነበረው የኤዶ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ የብርጭቆ መስታወት ተካው። ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም፣ ዕድሜው ነው። ሰብሳቢ የሚፈልገው እሱን ጭምር ነው፤ አንዴ ከተፈተገ አይመለስም።

እንዲህ ያለ ዕቃ ያለበት ቤት የምትሠሩ ካላችሁ፣ በጥጥ ጓንት ያዙ፤ የእጅ ላብ ነሐስ ይበላል። በሁለት እጅ ከሥር ደግፋችሁ አንሱ እንጂ በእጀታው አታንጠልጥሉ። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አንሱ። ውሃ፣ ሎሚ፣ በረኪና አይነካውም። አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁበት ሳትነኩ ለማዳም ንገሩ። ከመጀመራችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ቀድሞ የተጫረው በእናንተ እንዳይሳበብ።

ሁሉም ማዳም እንደ እኔዋ አይደለችም፣ አውቃለሁ። ደብቄው ቢገኝ ግን ሌባም እባል ነበር።

ወደ አቡ ዳቢ ስንዛወር መስታወቶቹን አንድ በአንድ ጠቅልዬ ያሸግኩት እኔ ነኝ። 11ዱም በደህና ደረሱ። ዛሬ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። የፈተግኩት አሁንም ያበራል፤ ባየሁት ቁጥር ያሳፍረኛል።