ከቅጽሩ ውጭ የቀረው ዝማሬ

(በልደታ ክፍለ ከተማ በአብነት ሰፈር ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች የተደረገ ንግግር)



የተሰበሰብንበት ሰፈር ስሙ አብነት ነው። አብነት አርአያ ማለት ነው፤ ሕፃናት ፊደልና ዜማ የሚማሩበትንም ቤት የአብነት ትምህርት ቤት እንለዋለን። ዛሬ የምንናገረው ከዚህ ትምህርት ደጅ ስለሚመለሱ ልጆች ነው።

በጎበኘነው አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የሆነውን እናስታውስ። ከበሮው ሲመታ ኦቲዝም ያለበት አንድ ልጅ ጆሮውን ይዞ ጮኸ። ጉባኤውን አወከ ተብሎ ከእናቱ ጋር እንዲወጣ ተደረገ፤ እኛም ቆመን ዝም አልን። ስንወጣ ግን ልጁ ከቅጽሩ ግንብ ሥር ተቀምጦ ያንኑ መዝሙር ከነዜማው፣ ቃል ሳያጎድል ይዘምር ነበር። እናቱም፣ «ውሃ ሲጠማው እንኳ አፍ አውጥቶ አይጠይቀኝም» አለችን። ያስጨነቀው የከበሮው ድምፅ እንጂ ዝማሬው አልነበረም።

ኦቲዝም ከአእምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘ፣ ከሕፃንነት ጀምሮ ያለ ልዩነት ነው። የወላጅ ኃጢአት ቅጣት አይደለም፤ ከእናት አስተዳደግም አይመጣም። ብርቱ ድምፅ፣ ብርሃንና ግፊያ ለብዙዎቹ ይከብዳቸዋል። ለመናገር ከሚቸገሩት አንዳንዶቹ ግን በዜማ ቃል ያወጣሉ።

በአገራችን ይህን መንገድ በድምፅ የጀመሩ አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። የልጆቹን አንደበት ለመፍታትም በፊደላችን ድምፆች ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ ዘዴ አበጁ። አቡጊዳ ደግሞ የኔታ ሲያስቆጥሩን የኖሩት ነው፤ መሣሪያው በእጃችን አለ።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ለልጆች ስንነግር፣ ደጋግማ ወድቃ ዛፉን የወጣችውን ትል አንስተን «እናንተም ትጉ» እንላለን። ታሪኩ ለመምህራንም ይናገራል። ያሬድ በግርፋት አልገባውም፤ ሸሽቶ በተመለሰ ጊዜ ግን መምህሩ ጌዴዎን ዳግመኛ ተቀብሎ አስተማረው።

ስለዚህ ከእናንተ የምንለምነው ጥቂት ነው። ልጁ ከከበሮው ርቆ፣ በበሩ አጠገብ፣ ዘወትር በአንድ ስፍራ ይቀመጥ። የዕለቱ መርሐ ግብር አስቀድሞ ይነገረው። መዝሙሩ በአጭር በአጭሩ እየተቆረጠ፣ መሪው እያለ እርሱ እየተቀበለ ይጠና። ጆሮውን ሲይዝ እጁን አንጎትት፤ ዓይን ለዓይን እንዲያይም አናስገድድ። ሲጨንቀው ወጥቶ የሚያርፍበት፣ ሲረጋጋም ተመልሶ የሚገባበት ጸጥ ያለ ክፍል ይዘጋጅ። የሚያስደነግጠውንና የሚያረጋጋውን እናቱን እንጠይቅ፤ ከእርስዋ በላይ የሚያውቀው የለም። ዝማሬ ኦቲዝምን ይፈውሳል ብለን ተስፋ አንስጥ፤ ጸበል የምትወስደውን እናትም ሕክምናውን አትተይ እንበላት።

በኢያሪኮ መንገድ ዕውሩ በርጤሜዎስ ሲጮኽ ሕዝቡ ዝም በል ብሎ ገሠጸው፤ ጌታችን ግን ቆሞ አስጠራው። እኛ በዚያ ቀን ከሕዝቡ ጋር ቆመን ነበር። በሚመጣው እሑድ ያችን እናት ከግንቡ ሥር ብታገኟት፣ ልጅዋን ይዛ እንድትገባ ጥሯት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።