ወረቀቱ አለ፤ ድርሻው የት ገባ?

(ፒያሳ ውስጥ ለተሰበሰቡ አነስተኛ ባለአክሲዮኖች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ፖለቲካ አይደለም ብዬ ብጀምር ደስ ይለኝ ነበር። ግን የሰው ሀብት ከሣጥኑ ሳይወጣ ሲቀንስ፣ ያውም በደብዳቤና በድምፅ ብልጫ ሲቀንስ፣ ይሄ ፖለቲካ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

አባቴ የኖሩት እዚሁ ፒያሳ ነው። በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክ በአዋጅ ሲፈቀድ፣ ብዙም ሳይቆዩ ከሱቃቸው ገቢ ቆጥበው ከአንድ ባንክ አክሲዮን ገዙ። ስሙን አልጠራም። የምስክር ወረቀቱን ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ካኪ ፖስታ አስቀመጡና «ልጄ፣ ይሄ ወረቀት እስካለ ድርሻችን አለ» አሉኝ። እኔም አመንኩ። ሰፈራችን በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ወደ ከተማው ዳር ስንሄድ መጀመሪያ የያዝኩት ያንን ፖስታ ነበር። ባንኩ ግን በዚያው ሰሞን አዲስ አክሲዮን አወጣ፤ ለነባር ባለአክሲዮኖች «በዚህ ቀን ውስጥ ግዙ» የሚል ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው የፈረሰ በር ሲያንኳኳ ቀኑ አለፈ። የእኛ ተራ ለሌላ ተሸጠ። ወረቀቱ ዛሬም አለ፤ ቁጥሩም አልተነካም። ታዲያ ምን ጎደለ?

እስቲ በሒሳብ እንየው። አንድ ኩባንያ እያንዳንዳቸው 1,000 ብር የተጻፈባቸው 1,000 አክሲዮኖች አሉት እንበል። ዓመታት ሠርቶ፣ ትርፉን አጠራቅሞ፣ መጠባበቂያ ይዞ፣ ዕዳው ተቀንሶ የተጣራ ሀብቱ 2 ሚሊዮን ተኩል ብር ደርሷል። ስለዚህ የአንዱ አክሲዮን እውነተኛ ዋጋ 2,500 ብር ነው። እናንተ 100 ካላችሁ አንድ አሥረኛው የእናንተ ነው፤ 250 ሺህ ብር።

አሁን ቦርዱ ሌላ 1,000 አክሲዮን አውጥቶ በተጻፈበት ዋጋ፣ በ1,000 ብር፣ ለአዲስ ሰዎች ይሽጥ። ሀብቱ 3 ሚሊዮን ተኩል ሆነ፣ አክሲዮኑ ግን 2,000። ለአንዱ ሲካፈል 1,750 ብር። የእናንተ 100 አክሲዮን 175 ሺህ ሆነ ማለት ነው። 75 ሺህ ብር ሄደ! ሌባ አልገባም፣ ባንኩ አልከሰረም። ገንዘቡ ወደ አዲሶቹ ኪስ ተሻገረ። ድርሻችሁም ከአንድ አሥረኛ ወደ አንድ ሃያኛ ወረደ።

እናቶቼ ይሄን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ያልታሰበ እንግዳ ሲመጣ ወጡ ላይ ውሃ ይጨመራል፤ ድስቱ ይሞላል፣ ወጡ ይቀጥናል። እንግዳው የራሱን ሥጋ ይዞ ከመጣ ግን አይቀጥንም። አዲሶቹ 2,500 ብር ከፍለው ቢገቡ ኖሮ ሀብቱ 5 ሚሊዮን፣ አክሲዮኑ 2,000፣ የእናንተም 250 ሺህ ሳትነካ ትኖር ነበር። ድርሻ ሳስቶ ዋጋ ላይጎድል ይችላል። የቀጠነው በእንግዳው መምጣት ሳይሆን በገባበት ዋጋ ነው። ወይም ደግሞ እናንተው በ1,000 ብር ሂሳብ 100 ጨምራችሁ ብትገዙ፣ 200 አክሲዮን በ1,750 ሲባዛ 350 ሺህ፤ የነበራችሁና የጨመራችሁት ማለት ነው። የቀዳሚነት መብት የሚባለው ለዚህ ነው፤ በ1952ቱ የንግድ ሕግም በ2013ቱም አለ። ግን ጉባኤው ሊያስቀረው ይችላል፤ ለመጠቀምም ጥሬ ገንዘብ ይጠይቃል። ጡረተኛ ከየት ያመጣል?

ይህ የክፍል ውስጥ ሒሳብ እንዳይመስላችሁ። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ75 ሚሊዮን ወደ 500 ሚሊዮን ብር አሳደገ። ቀጥሎ እስከ ሰኔ 2012 ድረስ 2 ቢሊዮን አድርሱ አለ። በሚያዝያ 2013 ደግሞ 5 ቢሊዮን ብሎ ለነባሮቹ እስከ ሰኔ 2018 ጊዜ ሰጠ። አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. ሲመሠረት 486 ሰዎች 24.2 ሚሊዮን ብር ነበር ያዋጡት! ባንክ ይጠናከር መባሉን አልቃወምም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ መመሪያ በወጣ ቁጥር ለአዲሱ አክሲዮን ዋጋ የሚተምነው ማን ነው? በተጻፈበት ዋጋ ሲሸጥ ማን ነው የተጠቀመው?

አክሲዮን ከተጻፈበት በላይ እንደሚያወጣማ መንግሥትም ያውቃል። የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክ አክሲዮናቸውን እንዲለቁ በታዘዙበት ጊዜ፣ በ2009 ዓ.ም. ግድም፣ አክሲዮኑ በጨረታ ወጣ። ለባለቤቱ የተጻፈበት ዋጋ ብቻ ሲሰጠው፣ በላይ ያለው ለመንግሥት እንዲገባ ተደረገ። ሕጉ በ2011 ዓ.ም. ተሻሽሎ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢመለሱም የሄደው ሄዷል። ልዩነቱ ኢምንት ቢሆን ኖሮ ማን ይፈልገው ነበር?

አሁን ደግሞ የዋጋ ተመን ነገር። በጥቅምት 2017 የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በ300 ብር ሲቀርብ እዚህ ካፌ ውስጥ «ረከሰ»፣ «ተወደደ» የማይል አልነበረም። 300 ብር ብቻውን ምንም አይናገርም! ለሽያጭ የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የኩባንያው 10 ከመቶ ነው ከተባለ ጠቅላላው 1 ቢሊዮን ነው፤ በ300 ሲባዛ 300 ቢሊዮን ብር። መጠየቅ ያለበት «ይህ ኩባንያ ይህን ያህል ያወጣል ወይ? በዓመት ስንት ያተርፋል?» ነው። በየካቲት ሽያጩ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር።

እንዲሁም አንድ ኩባንያ «40 ከመቶ የትርፍ ድርሻ አከፋፈልን» ሲላችሁ፣ የምን 40 ከመቶ? በሉ። ከ1,000 ብር 400 ነው። አክሲዮኑ 2,500 የሚያወጣ ከሆነ ግን 16 ከመቶ ነው፤ ኑሮ ውድነቱን ለእናንተው ልተወው።

ይህን ሁሉ ዛሬ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ፓርላማው በታኅሣሥ 2017 ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ አንድ የውጭ ስትራቴጂያዊ ባለሀብት እስከ 40 ከመቶ፣ የውጭዎቹ በድምሩ እስከ 49 ከመቶ እንዲይዙ ፈቅዷል። ትልቁ እንግዳ በር ላይ ነው። ሥጋውን ይዞ ይገባል ወይስ በእኛ ድስት ላይ ውሃ ይጨመራል? በጥር 2017 ሥራ የጀመረው የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ፣ ወጋገን ባንክ ቀድሞ የተመዘገበበት፣ ዋጋን በግልጽ ለማየት ይረዳ ይሆናል። ያልተመዘገበ ኩባንያ ባለአክሲዮን ግን መጠየቅ ያለበት በጉባኤው ነው።

ጉባኤ ስትሄዱ ለምሳው ብቻ አትሂዱ። የሒሳብ ሪፖርቱን አስቀድማችሁ ውሰዱ፤ የተጣራውን ሀብት ለአክሲዮኑ ቁጥር አካፍሉት። ካፒታል ይደግ የሚል አጀንዳ ሲመጣ «በስንት ብር? ለማን? ዋጋውን ማን ገመተው?» በሉ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። መሄድ ያልቻለ ውክልና ሲሰጥ ለማን እንደሚሰጥ ይወቅ፤ ቦርዱ በዘረጋው ባዶ ቅጽ ላይ አይፈርም።

ከፒያሳ፣ ከደጃች ውቤ፣ ከዶሮ ማነቂያ ተነሥታችሁ በየዳርቻው የተበተናችሁ ደግሞ ነገ ጠዋት ወደ አክሲዮን ክፍሉ ሄዳችሁ አዲሱን አድራሻና ስልክ አስመዝግቡ፤ ማኅተም ያለበት መቀበያም ያዙ። እኔ ይህን ያደረግሁት ከረፈደ ነው።

በሉ፣ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።