«ታዲያ ማን ይጦራቸው ነበር?» የአቡነ ማስያስ የእርጅና ዓመታት በሸዋ እና የቦሩ ሜዳ ውሳኔ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)

 በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

የተወለድሁት ኩታበር ነው። የማስተርስ ተማሪ ሳለሁ ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤት ስመለስ ስለ አቡነ ማስያስ የሚናገሩ ጽሑፎች ተሸክሜ ሄጄ ነበር። አያቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች፤ እኔ አጠገቧ አነባለሁ። «አንተ ልጅ፣ ምንድን ነው እንዲህ አንገትህን ያስደፋህ?» አለችኝ። ነገርኋት፦ ከጣሊያን አገር የመጡ ቄስ ናቸው፤ በአገራችን ብዙ ዘመን ኖሩ፤ የንጉሥ አማካሪ ሆኑ፤ በመጨረሻም በ70 ዓመታቸው ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። የትኛው ንጉሥ እንዳስወጣቸው ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ልጅ አልነበራቸውም?» አለች።

«መነኩሴ ናቸው፣ አያቴ።»

«ታዲያ ማን ይጦራቸው ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። አፍሬ «ንጉሡ» አልሁ። ሳቀች። «ንጉሥ የሽማግሌ እግር መታጠቢያ ውሃ ያሞቃል?» ብላ ወደ ባቄላዋ ተመለሰች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ዓመት አስተማርሁ። የሚስዮናውያንን ታሪክ ስናስተምር ስለ ስምምነት፣ ስለ ሃይማኖት ክርክር፣ ስለ ቅኝ ግዛት እናስተምራለን፤ ይህም ተገቢ ነው። ይሁንና አያቴ የጠየቀችውን የሚጠይቅ የፈተና ወረቀት አላየሁም፤ እኔም አላወጣሁም። ዛሬ ያንን ጥያቄ ይዤ ወደ አንድ ሰው ኑሮ ልግባ።

ጉልየልሞ ማሳያ፣ በእኛ ዘንድ አቡነ ማስያስ፣ በ1809 በሰሜን ጣሊያን በፒዮቫ ተወለዱ። በ1826 ወደ ካፑቺን ማኅበር ገቡ። በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ የተቋቋመው አዲስ ሐዋርያዊ ሀገረ ስብከት ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። የነጋዴ ልብስ ለብሰውና የነጋዴ ስም ይዘው በሱዳን በኩል ዞረው ጉድሩ የገቡት በ1852 ነው። ከዚያ በኋላ በእናርያና በከፋ ሠሩ። ከከፋ ተባረሩ፤ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወደቁ፤ ተለቀቁ፤ አውሮፓ ተመለሱ። ይህ ሁሉ ለሌላ ንግግር ይቆየን። እኔን የሚያሳስበኝ ከ1868 እስከ 1879 ያለው ዘመን ነው፤ ሰውየው ዳግም መጥተው በሸዋ በንጉሥ ምኒልክ ግዛት የኖሩበት። ልቼ ሲደርሱ 59 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ቀርተዋቸው ነበር። በዚያ ዕድሜ የገዛ አገሩን ትቶ የሚሰደድ ሰው ምን ዓይነት ኑሮ ይኖራል?

በመጀመሪያ፣ ቋንቋ። ማስያስ በ1867 በፓሪስ አንድ የሰዋስው መጽሐፍ አሳትመዋል፤ በላቲን የተጻፈ፣ አማርኛንና ኦሮምኛን ለሚማሩ ሚስዮናውያን የታሰበ ነው። ስለዚህ በሸዋ የነበሩት ማስያስ ጀማሪ አልነበሩም። ነገር ግን እናንተ የውጭ ቋንቋ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰዋስው ማወቅና ሲያማችሁ በዚያ ቋንቋ ማቃሰት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኔ ራሴ ለዶክትሬት ትምህርት ውጭ አገር ሳለሁ አንድ ሌሊት ታምሜ፣ ሐኪሙ «ሕመሙ እንዴት ያደርግሃል?» ሲለኝ «ይወጋኛል» እና «ይቆረጥመኛል» የሚለውን ልዩነት በሰው ቋንቋ ማስረዳት አቅቶኝ ዝም ብያለሁ። ያኔ 30 ዓመት አልሞላኝም ነበር።

ሁለተኛው ነገር ሥራቸው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ማስያስ ወደ አገራችን ከመምጣታቸው በፊት፣ ከ1834 እስከ 1836፣ በቶሪኖ በማውሪሲያኖ ሆስፒታል በቄስነት አገልግለዋል፤ የሕክምና ዕውቀታቸውን የቀሰሙት እዚያ ነው። በኢትዮጵያ ስማቸው ከስብከት ይልቅ የገነነው በፈንጣጣ ክትባት ነው። ሕዝቡም ከበሽታው ስም ጋር አያይዞ ይጠራቸው ነበር።

ክትባት የሚለውን ቃል ልብ በሉ። «ከተበ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ክታብም ከዚያው ነው። አንዱ በአንገት ይንጠለጠላል፣ ሌላው በክንድ ላይ ይጫራል፤ ሁለቱም ከክፉ ይጠብቃሉ ተብለው ይታመናሉ። ቃሉ ከማስያስ ጋር አልመጣም። የፈንጣጣን መግል ከታማሚ ወስዶ በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ መጫር በአገራችን ከእሳቸው በፊት የታወቀ ነበር። ጄነር በ1796 የጀመረው አዲሱ ዘዴ ግን በላም ፈንጣጣ የሚሠራ ነው፤ አደጋውም እጅግ ያነሰ ነው።

ችግሩ ማቆያው ነበር። በረዶ ቤት የለም፤ ሙቀት መድኃኒቱን ያበላሸዋል። በዚያ ዘመን የተለመደው ዘዴ ከክንድ ወደ ክንድ ማሸጋገር ነው፤ አንድ ሕፃን ይከተባል፣ በሳምንቱ ገደማ ክንዱ ላይ ያበጠው ውሃ ሲቋጥር ከዚያ ተወስዶ ለሌላው ይሰጣል። መድኃኒቱ የሚኖረው በሰው ገላ ላይ ነው ማለት ነው። እንግዲህ የአንድን ከታቢ ሳምንት አስቡት። እናቲቱ ልጇን በስምንተኛው ቀን ካላመጣች ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ዝናብ ከያዛት፣ ለቅሶ ከደረሰባት፣ ጎረቤት «ፈረንጁ የልጅሽን ደም ሊወስድ ነው» ብሎ ካስፈራራት ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ሽማግሌው ጳጳስ ዕውቀት ነበራቸው፤ ሥራው እንዲቀጥል የሚያደርገው ግን የእናቶች እግር ነው። ለአያቴ ጥያቄ የመጀመሪያውን ፍንጭ ያገኘሁት እዚህ ነው።

ሦስተኛው ብቸኝነት ነው። ከሸዋ የተላከ ደብዳቤ በቅፍለት ወደ ባሕር ዳርቻ ይወርዳል፤ በረሃውን ካለፈ፣ ሽፍታ ካልነጠቀው፣ መርከብ ካገኘ ሮም ይደርሳል። መልሱ እስኪመጣ ጥያቄው ራሱ ያረጃል። በአጠገባቸው ጥቂት የማኅበራቸው ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱም ፈረንሳዊው ቶሬን ካኛ በኋላ ተተኪያቸው ሆነዋል። ሚስዮኑ በፊንፊኔ፣ ብርብርሳ በሚባለው ስፍራ፣ ቤት ሠርቶ ተቀምጧል፤ አዲስ አበባ የሚባል ከተማ ከመቆርቆሩ 18 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። እንጨት የሚፈልጠው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ እንጀራ የሚጋገረው ግን በአገሬው እጅ ነው። ሚስዮናዊ የሚለው ቃል «የተላከ» ማለት ነው፤ የተላከ ሰው ሰጪ ይመስለናል። የዕለት ኑሮውን ስናይ ግን በየማለዳው ተቀባይ ነው። በዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የሚቀበለው ከሚሰጠው ይበልጣል።

እዚህ ላይ ማስያስን የዋህ ሽማግሌ ብቻ አድርጌ እንዳልሥላችሁ እሰጋለሁ። አልነበሩም። በ1872 ምኒልክ አባ ሚካኤልን ወደ ጣሊያን ንጉሥ ሲልኩ ማስያስ ከጉዳዩ ጀርባ ነበሩ። በ1876 በማርኬዝ አንቲኖሪ የተመራው የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ጓድ ሸዋ ሲገባ ደግፈዋል፤ ያ ጓድ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ሰፈረ። ዐፄ ዮሐንስ በ1875 በጉንደት፣ በ1876 በጉራዕ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው ነበር። ከባሕር ማዶ የሚመጣን ሁሉ በጥርጣሬ ቢያዩ አይፈረድባቸውም። በሸዋ ጓሮ የራሱ ደብዳቤ መላኪያ ያለው የውጭ ጳጳስ ተቀምጦ ማየት ለንጉሠ ነገሥት የእንቅልፍ ምክንያት አይሆንም።

ስለዚህ በ1878 መጀመሪያ ምኒልክ በልቼ ለዐፄ ዮሐንስ ሲገብሩ የሚስዮናውያኑ ጉዳይ አብሮ ተነሣ። በዚያው ዓመት በግንቦት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገ።

ከደሴ ወደ ኩታበር የተጓዘ ሁሉ ቦሩ ሜዳን ያውቀዋል። ሜዳ ነው፤ ንፋስ ነው፤ ገብስ ነው። ዛሬ ሰው ስሙን የሚያነሣው በሆስፒታሉ ነው፤ እሱም መጀመሪያ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን በሚስዮናውያን የተመሠረተ መሆኑን ሳስብ ታሪክ ቀልድ ይወዳል እላለሁ። በመጻሕፍት ጉባኤው የተዋሕዶ ሃይማኖት ከጸጋና ከቅባት ጋር የነበረው ክርክር የተዘጋበት ነው። በእኛ ቤት የሚታወሰው በሌላ ነው። አያቴ ሙስሊም ነበረች። የወሎ ሙስሊም ሹማምንት ወይ እንዲጠመቁ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ የተወሰነው በዚያው ጊዜ ነው። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሆኑ። ሼኽ ጦልሃን የመሰሉት ደግሞ እምቢ ብለው ተነሡ። መሃል ላይ ያለው ገበሬ ቀን አንዱን፣ ማታ ሌላውን ሆኖ ኖረ።

አንድን የካቶሊክ ጳጳስ ከሸዋ ያስወጣው ፖለቲካና የአያቴን ቅድመ አያቶች ያስጨነቀው ፖለቲካ አንድ ነበር። «በአንድ አገር አንድ ሃይማኖት» የሚለው ሐሳብ የእንግዳውንም የባለ አገሩንም በር በአንድ ሰሞን አንኳኳ። ልዩነት ግን አለ፤ ይህን ለአያቴ ብነግራት እንደምትስማማ እርግጠኛ ነኝ። የኩታበር ገበሬ ተጨንቆም ቢሆን በአባቱ መሬት ላይ፣ በልጆቹ መካከል ቆየ። እንግዳው ሽማግሌ መሄድ ነበረባቸው።

በ1879 ማስያስ ወደ ዐፄ ዮሐንስ ተጠሩ። ደብረ ታቦር ላይ ተገናኙ፤ ከዚያ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን እንዲወጡ ተደረገ። 70 ዓመታቸው ነበር። ከሸዋ ደጋ እስከ መተማ ቆላ ያለውን መንገድ በበቅሎ ሄዳችሁ ባታውቁም ካርታ ላይ አውጡና ተመልከቱት።

በአማርኛ «ጧሪ ቀባሪ» የምንለው አንድ ላይ ነው፤ የሚጦር እሱ ይቀብራል። (ጡረታ የሚለው የመንግሥት ቃልም ከዚሁ መምጣቱን፣ የእኔ እየቀረበ በመጣ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።) በዚህ ዓይን ማስያስን ከጓደኛቸው ጋር አነጻጽሩ። ጁስቲኖ ዴ ያቆቢስ፣ በሕዝቡ ዘንድ አቡነ ያዕቆብ፣ በ1849 ምፅዋ ላይ በምስጢር የጵጵስና ማዕረግ የተቀበሉት ከማስያስ እጅ ነው። በ1860 በበረሃ መንገድ ላይ ሞቱ። ደቀ መዛሙርታቸው አስከሬናቸውን ተሸክመው ሄቦ ቀበሯቸው፤ ዛሬም ምእመናን ይሳለሙታል። አቡነ ያዕቆብ ቀባሪ አገኙ። ማስያስ ከ10 ዓመት በላይ በሸዋ ኖረው፣ ስንቱን ሕፃን ከፈንጣጣ አትርፈው፣ ያገኙት መጦሪያ በአንድ ውሳኔ ተወሰደ። የከተቧቸው ሕፃናት በ1879 ገና ልጆች ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ውሃ ለማሞቅ የደረሱ።

ሮም ሲደርሱ ጳጳሱ ሊዮን 13ኛ ትዝታቸውን እንዲጽፉ አዘዟቸው። የ35 ዓመት ሚስዮናቸውን የሚተርከው ሥራ 12 ቅጽ ነው፤ ከ1885 እስከ 1895 ታተመ። ተማሪዎቼ ይህን ሥራ ሲጠቅሱ እንደ ዕለት ማስታወሻ ይወስዱታል፤ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው ሰው ለአውሮፓ አንባቢ፣ ለማኅበራቸው ክብር፣ ወደ ኋላ ተመልክተው የጻፉት ነው። እኔ ግን ዛሬ ዛሬ የማነበው በሌላ ምክንያትም ነው፤ ስለ ጉድሩና ስለ ሸዋ የሚነግረኝን ያህል፣ አንድ ሽማግሌ ከሚወደው ስፍራ ርቆ ቀኑን በምን እንደሚሞላ ያሳየኛል።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ተረከቧቸው። በ1884 ካርዲናል ሆኑ። በ1889 በኔፕልስ አጠገብ ሞቱ፤ በፍራስካቲ ተቀበሩ። በ1939፣ አገራችን በወረራ ሥር ሳለች፣ ፋሺስት ጣሊያን በስማቸው ፊልም ሠርታ በቬኒስ ሸለመችው። የክንዱን ውሃ የሚሰጠው ሕፃንና ያመጣችው እናት በዚያ ዓይነቱ ታሪክ ውስጥ ጀርባ ላይ የሚቆሙ ተመልካቾች ናቸው።

የአያቴን ጥያቄ ከነምላሹ ይዤላት ልሄድ ያሰብሁት ዘግይቼ ነው፤ እሷ አርፋ ነበር። ባቄላ የምትፈለፍልበት በረንዳ አሁንም አለ። የማስያስ የመጨረሻ ቅጽ ከማተሚያ ቤት ሲወጣ እሳቸው ከሞቱ 6 ዓመት ሆኗቸው ነበር። እስኪ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።