የጄኔቫው ንግግርና የሮማውያን የንግግር ሥርዓት
(ኒድ፥ ፍራንክፈርት በተደረገ የተማሪዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ)



ዛሬ የተሰበሰብንባት ኒድ በጥንት ዘመን ለሮማ ጦር ጡብ ይተኮስባት የነበረች ቦታ ናት። እኔ ግን ስለ ጡባቸው ሳይሆን ስለ ንግግራቸው ጥቂት እንድናገር ፈቃዳችሁን እለምናለሁ። የምናወጣቸው መግለጫዎች፥ እውነቱን ለመናገር፥ በቁጣ ተጀምረው በቁጣ ያልቃሉ፤ በመካከላቸው ፍሬ ነገር አይገኝም።

የሮማ ተናጋሪ በመግቢያው የሰሚውን ጆሮ ያገኛል፤ ቀጥሎ የሆነውን ይተርካል፤ የሚከራከርበትን ነጥብ ለይቶ ማስረጃውን ያቀርባል፥ የባላጋራውንም ቃል ያፈርሳል፤ ልብ የሚነካውን ለመደምደሚያው ያቆያል። አያቶቹ በበላ ልበልሃ ሲሟገቱ የነበረበትን ወግ ለሰማ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

አሁን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ያደረጉትን ንግግር እንመልከት። ስለ አገዛዛቸው ያለንን አስተያየት ለሌላ ቀን እናቆየው። ሊናገሩ ሲነሡ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ጉባኤውን አወኩ። እርሳቸው ግን ርእሰ መንግሥት ራሱ በዚያ ጉባኤ ቀርቦ ሲናገር የመጀመሪያው መሆኑን በማስታወቅ ጀመሩ። ቀጥሎ ትረካው መጣ፤ አውሮፕላኖች ዘጠኝ፥ ዐሥራ አምስት፥ ዐሥራ ስምንት ሆነው እየተከታተሉ መርዙን እንደ ጉም ሲረጩ፥ ወታደሩና ሴቱ፥ ሕፃኑና ከብቱ፥ ወንዙና መስኩ ሳይቀር ሲመረዝ። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ሰሚውን የሚወጋው ቁጥሩ ነው። ከዚያ ማስረጃው፦ የ1920ው የወዳጅነት ውል፥ የወልወል ግጭት፥ የማኅበሩ ቃል ኪዳን 16ኛ አንቀጽ። መደምደሚያው ጥያቄ ነው፤ ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ? የሚል።

ማኅበሩ በኢጣልያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ ሐምሌ 8 ቀን አነሣ።

ታዲያ ሥርዓቱ ምን ጠቀመ? የሚል ይኖራል። ሲሴሮም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ52 ዓመት ስለ ወዳጁ ስለ ሚሎ ሲሟገት፥ ሸንጎው በፖምፔ ወታደሮች ተከቦ ነበርና ተደናግጦ ተረታ። ሚሎ በስደት በማርሴይ ሳለ፥ ሲሴሮ በኋላ አሳምሮ የጻፈውን አንብቦ፥ እንዲህ ተናግሮልኝ ቢሆን የዚህን አገር ዓሣ ባልበላሁ ነበር አለ ይባላል። አስቀድሞ የወሰነ ዳኛ በመግቢያም በመደምደሚያም አይመለስም።

ትረካው ግን ሌላ ዳኛ ይጠብቃል። ኢጣልያ ለብዙ ዓመታት ስትክደው የኖረችውን የመርዝ ጋዝ የመከላከያ ሚኒስቴሯ በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም.፥ ከንግግሩ 60 ዓመት በኋላ ነው።