ኩበቱ ለእሳት ወይስ ለናናው?

(በገነተ ማርያም በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ላሊበላ ወስደን ለሻይ ቤቶች ልንሸጥ ብለን በየጓሯችን ናና ስንተክል፣ መጀመሪያ የተሳሳትነው በአመድ ነው። አመድ ማዳበሪያ ነው ሲባል ሰምተን ከምድጃ ያወጣነውን ሁሉ መደቡ ላይ ደፋነው። ችግኙ አልሞተም፤ ግን አላደገም። የታችኞቹ ቅጠሎች ቀድመው ገረጡ፣ ግንዱ ቀጠነ። ውኃ ብንጨምርም ለውጥ አላየንም።

ምክንያቱን ያወቅነው ኋላ ነው። ኩበት ሲነድ ፖታሲየሙና ፎስፈረሱ አብዛኛው አመዱ ውስጥ ይቀራል፤ ቅጠል የሚያለመልመው ናይትሮጅን ግን ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ናና ናይትሮጅን ሲያንሰው ከአሮጌው ቅጠል ቀንሶ ለአዲሱ ይሰጣል። እናት ከራሷ ቀንሳ ልጇን እንደምታጎርስ ማለት ነው። የታችኛው ቅጠል ቀድሞ የሚገረጣው ለዚህ ነው። ከላይ ያለው ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ግን ያጠረው ብረት ነው። አመድ ሲበዛ ብረቱ አፈሩ ውስጥ እያለ ሥሩ ሊወስደው ያቅተዋል።

አሁን እንዲህ እናደርጋለን። የተተከለው የናና ቁራጭ ሥር እስኪይዝ ማዳበሪያ አንሰጠውም፤ ሥር የሌለው መመገብ አይችልም። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ በደንብ የበሰበሰ ፍግ እንጨምርለታለን። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። አመድ በእፍኝ ብቻ እንበትናለን፤ ከትኩስ ፍግ ጋር ግን አንቀላቅለውም፣ ናይትሮጅኑ ተንኖ ያመልጣልና። ዩሪያ ያላችሁም ተጠንቀቁ፤ ከ100 ኪሎው 46ቱ ናይትሮጅን ስለሆነ ለለጋ ችግኝ ትንሹም ይበዛበታል።

እዚህ ላይ አንዲት እናታችን፣ «ፍጉን ለናናው ከሰጠን እንጀራውን በምን እንጋግር?» ብለው ጠየቁን። እውነታቸውን ነው። በላስታ ደጋ እንጨት ውድ ነው፤ ኩበት ማገዷችን ነው። ስለዚህ ሁላችንም በሳምንት አንድ ቅርጫት ፍግ ብቻ ለጋራው የብስባሽ ጉድጓድ ለማዋጣት ተስማምተናል። የቡና አተላ፣ አረምና የጓዳ ጥራጊም እዚያው ይገባል።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ከማዳበሪያው ኩንታል በፊት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ እርዱን። ከእሳት የተረፈው ኩበት ማዳበሪያ ይሆነናል።