ሥራ መልቀቅ ምርመራን አይዘጋም



እ.ኤ.አ. በጥር 2010 የመሬት መንቀጥቀጥ የሄይቲን ዋና ከተማ ፖርቶፕረንስን አፈራረሰ። ከመላው ዓለም እርዳታ ጎረፈ፤ ከእርዳታው ጋርም ብዙ የእርዳታ ሠራተኞች ገቡ። በቀጣዩ ዓመት የብሪታንያው ኦክስፋም በሄይቲ ባሉ አንዳንድ ሠራተኞቹ ላይ የውስጥ ምርመራ አካሄደ። ከቀረቡት ክሶች አንዱ ድርጅቱ በተከራየው መኖሪያ ቤት ውስጥ ለወሲብ ገንዘብ ተከፍሏል የሚል ነበር። ምርመራው ሲያበቃ አራት ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ ሦስቱ ደግሞ በራሳቸው ፈቃድ ሥራቸውን ለቀቁ። ከለቀቁት አንዱ በአገሪቱ የድርጅቱ ዳይሬክተር የነበረው ሰው ነው።

ይህ ሰው ብዙም ሳይቆይ በባንግላዴሽ በሌላ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የኃላፊነት ቦታ አገኘ። አዲሱ ቀጣሪ በሄይቲ ስለሆነው ነገር እንዳልተነገረው በኋላ አስታውቋል። ሕዝብ ጉዳዩን በዝርዝር ያወቀው የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 ሲያወጣው ነው። የብሪታንያ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት ድርጅቱን በይፋ አስጠነቀቀ፤ በ2011 የሰጠው መረጃም የሚገባውን ያህል ግልጽና የተሟላ እንዳልነበረ ገለጸ።

በሄይቲ ምርመራ አልተካሄደም ማለት አይቻልም። ተካሂዷል፤ ሰዎችም ከሥራ ወጥተዋል። ድርጅቱ ግን ምርመራውን የራሱን ቤት ማጽጃ አድርጎ ተጠቀመበት። ጥፋተኛው ከግቢው ሲወጣ ጉዳዩ እንዳለቀ ተቆጠረ፤ ለተጎዱት ሴቶችና በሚቀጥለው አገር ለሚጠብቁት ሰዎች ግን አላለቀም። እርዳታን በሚመለከት ሕግ የሚያወጡና በጀት የሚያጸድቁ ሰዎች ሊያርሙት የሚገባው ጉድለት ይህ ነው፤ የምርመራው ባለቤት የድርጅቱ ስም ሳይሆን የተጎዳው ሰው መሆን አለበት።

ደንብ የለም ብሎ ማመካኘት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2002 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንና የብሪታንያው ሴቭ ዘ ችልድረን በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን የስደተኛ መጠለያዎች ሕፃናት ለምግብና ለሸራ ሲሉ ለወሲብ ብዝበዛ መጋለጣቸውን ይፋ አደረጉ። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ወር የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ መመሪያ አወጡ። መመሪያው ከ18 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ጋር ወሲብ መፈጸምን ይከለክላል፤ ገንዘብን፣ ሥራን ወይም እርዳታን በወሲብ መለወጥን ይከለክላል፤ ጥርጣሬ ያደረበት ሠራተኛ ሁሉ እንዲጠቁምም ያስገድዳል። እንግዲህ ደንቡ ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። የጎደለው ደንቡ ሲጣስ የሚደረገው ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2020 በምሥራቅ ኮንጎ የኢቦላ ወረርሽኝ በነበረበት ጊዜ የሆነው ይህን በግልጽ ያሳያል። ዘ ኒው ሂዩማኒታሪያንና የቶምሰን ሮይተርስ ፋውንዴሽን በጋራ ባደረጉት የጋዜጠኝነት ምርመራ 51 ሴቶች የእርዳታ ሠራተኞች ወሲባዊ ብዝበዛና ጥቃት እንደፈጸሙባቸው ተናገሩ። ብዙዎቹ ሥራ ፈላጊዎች ነበሩ፤ የቅጥር ውል ለማግኘት ወሲብ ተጠይቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋመው ገለልተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ባወጣው ሪፖርት 83 ተጠርጣሪዎች መኖራቸውን አሳወቀ፤ ከእነርሱ 21ዱ በድርጅቱ የተቀጠሩ ነበሩ።

ከእነዚህ ጉዳዮች በአንዱ አቤቱታው በወቅቱ ለኃላፊዎች ደርሶ ነበር። ሆኖም ሴትዮዋ የድርጅቱን እርዳታ ስላልተቀበለች «ተረጂ» አይደለችም፣ ስለዚህም ጉዳይዋ በወሲባዊ ብዝበዛ ደንብ አይታይም የሚል መከራከሪያ ቀረበ። አንድ ቃል በር ዘጋ። በችግር ጊዜ የእርዳታ ድርጅት መኪና፣ ደመወዝና የቅጥር ሥልጣን ይዞ ወደ አንድ ከተማ ሲገባ፣ ኃይሉ የሚያርፈው ስንዴ በሚቀበሉት ላይ ብቻ አይደለም። ቡና የምታፈላው፣ ቤት የምታጸዳው፣ በአስተርጓሚነት ለመቀጠር የምታመለክተው ሁሉ በዚያ ኃይል ሥር ትወድቃለች።

ለተጎጂዎች የተደረገውም ከዚህ አይሻልም። አሶሺዬትድ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2023 እንደዘገበው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ ለ104 ሴቶች ለእያንዳንዳቸው 250 ዶላር ሰጥቷል፤ ገንዘቡን ለማግኘትም የገቢ ማስገኛ ሥልጠና መጨረስ ይጠበቅባቸው ነበር።

ተገቢ ምርመራ ምን ይመስላል? የሚጀምረው ከቃለ መጠይቅ ሳይሆን ከተጎጂዋ ደኅንነት ነው። በአስገድዶ መድፈር ጉዳይ ኤች.አይ.ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ መርማሪ እስኪመደብ መጠበቅ አይቻልም። ቀጥሎ ማስረጃው ከመጥፋቱ በፊት መያዝ አለበት፤ የመኪና ስምሪት መዝገብ፣ የእንግዳ ማረፊያ መዝገብ፣ የእርዳታ ማከፋፈያ ስም ዝርዝር፣ የቅጥር ቃለ ጉባኤና የስልክ መልእክት። ተጎጂዋ በሠለጠነ ሰው፣ በምትናገረው ቋንቋ፣ በተቻለ መጠን አንድ ጊዜ ብቻ ትጠየቅ። ተከሳሹም ክሱን የማወቅና መልስ የመስጠት መብቱ ይጠበቅ፤ ስሙ ያለ ውሳኔ አይውጣ። ፍትሐዊነት ለሁለቱም ወገን ካልሆነ ውሳኔው በይግባኝ ይፈርሳል፤ የሚጎዳውም ዞሮ ዞሮ ያው የተጎዳው ሰው ነው። በመጨረሻም ውጤቱ ለአቤቱታ አቅራቢዋ ይነገራት። ቃሏን ከሰጠች በኋላ አንዳች ሳትሰማ የምትቀር ሴት ለጎረቤቷ የምታስተላልፈው ትምህርት አንድ ነው፤ መናገር ዋጋ የለውም።

ድርጅቶች ጥፋትን የሚሸፍኑት ሁልጊዜ ከክፋት አይደለም። ብዙዎቹ እውነቱን ቢናገሩ ለጋሹ ገንዘቡን ያቋርጣል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ኢትዮጵያውያን በምግብ እርዳታ ምዝበራ ምክንያት የሆነውን አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደይ ወራት የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤድና የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለተቸገሩ ሰዎች የተላከ እህል ለሌላ ጥቅም መዋሉን በመግለጽ በትግራይ የምግብ እርዳታ አቋረጡ፤ በሰኔ እገዳው በመላ አገሪቱ ሆነ። ለስደተኞች የተመለሰው በጥቅምት ሲሆን፣ ለሌሎች በስፋት መቀጠሉ የተገለጸው ወደ ዓመቱ መጨረሻ ነበር። የእህል ምዝበራና ወሲባዊ ብዝበዛ የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው፤ ትምህርቱ ግን ይጋራል። እህሉን የወሰደው ሌላ ሆኖ ሳለ በረሃብ የተቀጣው ተረጂው ነበር። ቅጣቱ በተበዳዩ ላይ የሚወርድ ከሆነ ጥፋት ያየ ሠራተኛም ሆነ ተረጂ አፉን ይዘጋል።

ዝም ለማለት የበለጠ ምክንያት ያላቸው ደግሞ የአገር ውስጥ ሠራተኞች ናቸው። ከእርዳታ ሠራተኞች አብዛኞቹ የአገሬው ተወላጆች ናቸው፤ ብዙዎቹም በአጭር ጊዜ ውል ይሠራሉ። ጠቋሚን ለማባረር ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልግም፤ ውሉን አለማደስ ይበቃል።

ስለዚህ ከሕግ አውጪዎችና ከአማካሪዎቻቸው የሚጠበቀው ግልጽ ነው።

አንደኛ፣ ተጠርጣሪው ሥራውን ቢለቅም ምርመራው እስከ ፍጻሜው እንዲደርስና ውጤቱ በግል ማኅደሩ እንዲሰፍር የገንዘብ ስምምነቱ ያስገድድ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ድርጅቶች በቅጥር ጊዜ ስለ አመልካቹ የወሲባዊ ጥፋት ውሳኔዎች የሚጠያየቁበት፣ ወደ ኋላ አምስት ዓመት የሚመለከት የመረጃ ልውውጥ ሥርዓት አለ። አባልነቱ በፈቃደኝነት ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ ለሚቀበል ድርጅት ግን ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛ፣ ጥበቃው ለተረጂዎች ብቻ ሳይሆን በድርጅቱ ሥልጣን ለተጎዳ ሰው ሁሉ ይሁን። በቃል የቀረበ አቤቱታም እንደ ጽሑፍ ይቆጠር።

ሦስተኛ፣ ለምርመራና ለተጎጂዎች ድጋፍ የተለየ በጀት ይመደብ፤ ሕክምናና የሕግ ምክር የምርመራውን ውጤት አይጠብቅ።

አራተኛ፣ ለጋሾች ጥፋቱን ራሱ ያሳወቀን ድርጅትና የደበቀን ድርጅት በእኩል አይቅጡ። ብዙ አቤቱታ የተመዘገበበት ድርጅት የከፋ ነው ማለት አይደለም፤ ሰዎች የሚያምኑት ሊሆን ይችላል። ቅጣቱ በደባቂው ኃላፊ ላይ ይሁን እንጂ በእህሉ ላይ አይሁን።

አምስተኛ፣ ጠቋሚዎች በተግባር ይጠበቁ። የአሜሪካ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ በሚቀበሉ ተቋራጮችና ድርጅቶች ውስጥ ጥፋት የጠቆሙ ሠራተኞችን ከበቀል ይጠብቃል። ዩኤስኤድ ፈርሶ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የውጭ እርዳታው ሥራ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ሲዛወር ግን፣ በሩቅ ከተማ ያለ ሠራተኛ ለማን እንደሚጠቁም በማያሻማ መንገድ ሊነገረው ይገባል። የምክር ቤት ጽሕፈት ቤቶች ይህን በጽሑፍ ሊጠይቁ ይችላሉ።

ስድስተኛ፣ ያለመከሰስ መብት መሸሸጊያ አይሁን። እ.ኤ.አ. የ1946ቱ የተባበሩት መንግሥታት መብቶችና ጥበቃዎች ስምምነት ይህ መብት ለሠራተኞች የግል ጥቅም እንዳልተሰጠ ይናገራል፤ ፍትሕን የሚያደናቅፍ ሲሆንና የድርጅቱን ጥቅም የማይጎዳ ከሆነ ማንሳት የዋና ጸሐፊው መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም እንደሆነ ይደነግጋል። አባል አገሮች ይህ ድንጋጌ በየዓመቱ ስንት ጊዜ በሥራ ላይ እንደዋለ ሊጠይቁ ይገባል።

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን አላቸው። በግብራቸው እርዳታውን ይከፍላሉ፤ ወንድም እህቶቻቸው ደግሞ እርዳታውን ይቀበላሉ ወይም ያከፋፍላሉ። ስለዚህ እርዳታ ይቋረጥ ከሚሉትም፣ ስለ ጥፋት አይወራ ከሚሉትም ጋር ሊቆሙ አይችሉም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ጥፋቱን የሸሸገ ድርጅት አይድንም። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለበጀት ጥያቄ ወደ ምክር ቤት ሲመጣ ስንት ሰው እንደመገበ ይጠየቃል፤ ተገቢም ነው። ከዚያ ቀጥሎ ግን ሌላ ጥያቄ ይከተል፦ ባለፈው ዓመት አቤት ካሉት ሰዎች ውስጥ መልስ ያገኙት ስንቶቹ ናቸው?