የጎሽ ጥጃ ሥጋ በቁሙ ሲገመት



ጎሽ ሲባል በአገራችን የሚታሰበው በዱር የሚኖረው አውሬ ነው። ይህ ንግግር የሚመለከተው ግን ግብፆች ጋሙስ የሚሉትን፣ በህንድ፣ በፓኪስታንና በግብፅ የሚረባውን የቤት እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ቆጠራ ህንድ ብቻ ወደ 110 ሚሊዮን የሚጠጋ ጎሽ ነበራት።

ጎሽ በቅድሚያ የሚፈለገው ለወተቱ ነው። ከዚህም የተነሣ ሴቷ ጥጃ ስትጠበቅ ወንዱ ወተት ፈጅ ተብሎ ይጎዳል፤ ብዙውም ሳያድግ ይሞታል። አድጎ ለገበያ የበቃው ደግሞ ዋጋው ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው በዐይን ነው። በዐይን ግምት ዘወትር ከብት የሚገዛው ነጋዴ በዓመት አንድ ጥጃ የሚሸጠውን ገበሬ እንደሚበልጠው ግልጽ ነው። በየመንደሩ የከብት ሚዛን ማቆም ውድ ስለሆነ፣ ይህን ልዩነት በአንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ማጥበብ ይቻላልን?

የአሠራሩ መሠረት ቀላል ነው። የእንስሳው ገላ እንደተጋደመ በርሜል ይቆጠራል። የበርሜል ይዘት የሚገኘው ዙሪያው በራሱ፣ ውጤቱም በርዝመቱ ተባዝቶ ለ12.57 ሲካፈል ነው። ገላ በክብደቱ ከውሃ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ልኩ በሴንቲሜትር ተወስዶ ክብደቱ በኪሎ ሲፈለግ አካፋዩ 12,570 ገደማ ይሆናል። ለከብት በተለመደው ቀመር ግን አካፋዩ 10,840 ነው። አካፋዩ ዝቅ ማለቱ በርሜሉ ያላቀፋቸውን የጭንቅላት፣ የአንገትና የእግር ክብደት ለማሟላት ይረዳል።

ለምሳሌ ከፊት እግሮቹ በስተኋላ የደረቱ ዙሪያ 150፣ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ርዝመቱ 120 ሴንቲሜትር የሆነ ወይፈን 249 ኪሎ ይሆናል። ሜትሩ ላልቶ ዙሪያው 153 ቢነበብ ግምቱ 259 ይደርሳል። ዙሪያው በራሱ ስለሚባዛ የሦስት ሴንቲሜትር ስሕተት የአሥር ኪሎ ስሕተት ያስከትላል። ስለዚህ እንስሳው በደልዳላ መሬት፣ በአራቱም እግሩ እኩል ቆሞ፣ ደጋግሞ ሊለካ ይገባል።

ይሁን እንጂ ሜትር የሚለካው ይዘትን እንጂ ሥጋን አይደለም። ከገበያ በፊት 20 ሊትር ውሃ የጠጣ ወይፈን 20 ኪሎ ይጨምራል፤ አንዲት ሙዳ ሥጋ ግን አልጨመረም። የጎሽ ቆዳ ወፍራም፣ ጭንቅላቱም ከባድ ስለሆነ፣ ታርዶ ከነአጥንቱ የሚቀረው ሥጋ ከቁም ክብደቱ ግማሽ ገደማ ሲሆን፣ በአብዛኛው ከከብት ድርሻ ያንሳል። ስለሆነም ለከብት የወጣው ቀመር እንዳለ ለጎሽ ሊወሰድ አይገባም። በዝርያ፣ በዕድሜና በአመጋገብ የሚመሳሰሉ ጥጆች በቁማቸው ተለክተው፣ ታርደውም ሥጋቸው ተመዝኖ ቀመሩ ሊወጣላቸው፣ ቀጥሎም ስሌቱ ባልተሠራባቸው ሌሎች ጥጆች ሊፈተን ይገባል።

በልኩና በሥጋው መካከል ከፍ ያለ ዝምድና ተገኘ ማለት ብቻውን አይበቃም። ትንሹና ትልቁ ጥጃ አንድ ላይ ከተለኩ ዝምድናው መጉላቱ አይቀርምና። ለገበሬው የሚጠቅመው ግምቱ በስንት ኪሎ ሊሳሳት እንደሚችል ማወቁ ነው። በእኛም አገር በሬ በዐይን የሚሸጥባቸው ገበያዎች ብዙ ስለሆኑ፣ ለባለከብቱ ቀመር የሚያቀርብ ባለሙያ ሁሉ የስሕተቱንም መጠን አብሮ ሊነግረው ይገባል።